ዶላሩ የት ይደር?

ዴንቨር ውስጥ ወይም ሲያትል፣ ካናቢስ በሕጋዊ ፈቃድ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ደንበኛ ካሸሩ ፊት ቆሞ ካርዱን ወደ ማሽኑ ያስገባል እንበል። የገዛው ዕቃ ከነታክሱ 37 ዶላር ነው። ማሽኑ ግን 40 ዶላር ይልና ጥቂት የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል፤ ካሸሩ ከመሳቢያው 3 ዶላር አውጥቶ መልስ ይሰጠዋል። ደንበኛው ማታ ቤቱ ገብቶ የባንክ ሂሳቡን ሲያይ ዕቃ ስለመግዛቱ የተጻፈ ነገር የለም። የተጻፈው ከኤቲኤም 40 ዶላር ማውጣቱ ነው። ሂሳቡ ሁልጊዜ በአሥር ወይም በአምስት የሚጠጋጋውም ለዚህ ነው፤ 37 ዶላር የሚሰጥ ኤቲኤም ማንም አይቶ አያውቅምና ውሸቱ እንዳይጋለጥ ቁጥሩ መጠጋጋት አለበት። ቪዛ በዲሴምበር 2021 ይህን አሠራር እንደማይፈቅድ አስጠንቅቋል፤ ማስተርካርድም በጁላይ 2023 የክፍያ ኩባንያዎች በዴቢት ካርዱ የካናቢስ ሽያጭ ማስተናገድ እንዲያቆሙ ነግሯቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሱቁ ሥራ ውስጥ በይፋ የማይደረግ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ታክሱ ተቆርጧል፣ የገዢው ዕድሜ በመታወቂያ ተረጋግጧል። የተደበቀው ክፍያው ብቻ ነው፤ ያስደበቀው ደግሞ የገንዘብን መንገድ ግልጽ ለማድረግ የወጣ ሕግ ነው። ካናቢስ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን ክርክር ለጊዜው ወደ ጎን ልተወውና አንድ ነገር ላይ ላተኩር። ባንክን ከዚህ ንግድ ማራቅ ገንዘቡን አላጠራውም፤ እንዳይታይ ነው ያደረገው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለት ሕግ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ1970 ባወጣው የዕፅ ቁጥጥር ሕግ ካናቢስን ከሔሮይን ጋር በአንደኛው መደብ፣ ማለትም ከሁሉ በከፋው ዝርዝር ውስጥ አስቀመጠው። ካሊፎርኒያ በ1996 ለሕክምና ፈቀደች። ኮሎራዶና ዋሽንግተን በኖቬምበር 2012 ለአዋቂ ሁሉ ፈቀዱ፤ ኮሎራዶ ውስጥ የመጀመሪያው ሽያጭ የተከፈተው በጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ነው። ዛሬ ይህን መንገድ የተከተሉት ግዛቶች 24 ደርሰዋል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሜሪላንድም ከጁላይ 2023 ጀምሮ ከእነዚህ አንዷ ናት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ቀድሞ በ2005፣ ሁለት ካሊፎርኒያውያን ሴቶች ለራሳቸው ሕመም በተጠቀሙት ካናቢስ ምክንያት በተነሳ ክርክር፣ የግዛት ፈቃድ የፌዴራሉን ሕግ እንደማይሽር ስድስት ለሦስት ወስኗል። ስለዚህ አንዱ ሱቅ በአንድ ጊዜ ግብር ከፋይ ነጋዴም የፌዴራል ወንጀለኛም ነው። ይህ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ከሐረርጌ ተነስቶ ለአገር የውጭ ምንዛሪ የሚያስገባው ጫት አሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ወንጀል ይሆናል። ልዩነቱ የጫቱ ሁለት ሕግ በሁለት አገር መሆኑ ነው። የካናቢሱ ግን በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ የቤት ቁጥር ነው።

በዚህ መሐል የገባው ባንኩ ነው። የአሜሪካ ባንክ በየትኛው ግዛት ቢሠራ ከፌዴራል መንግሥት ዓይን አይወጣም። ለአስቀማጮቹ ገንዘብ ዋስትና የሚሰጠው ፌዴራል መንግሥቱ ነው፤ ከሌላ ባንክ ጋር ገንዘብ የሚለዋወጠው በፌዴራል ሪዘርቭ በኩል ነው። ከወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰው እስከ 20 ዓመት የሚያስቀጣ አንቀጽ አለ፤ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የሆነ እንዲህ ያለ ገንዘብ መቀበል ብቻውን እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። የካናቢስ ሱቅ ሂሳብ የከፈተ ባንክ ደግሞ «አላወቅሁም» ማለት አይችልም፤ የሱቁ ስም በሩ ላይ ተጽፏል። ከዚህ ለማምለጥ ኮሎራዶ በ2014 ለዚሁ ንግድ ብላ ለተቋቋመ ፎርዝ ኮርነር ለተባለ ክሬዲት ዩኒየን የግዛት ፈቃድ ሰጥታ ነበር። የካንሳስ ሲቲ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ግን በጁላይ 2015 ዋና ሂሳብ አልከፍትም አለው፤ ጉዳዩም ለዓመታት በፍርድ ቤት ተጓተተ። ያለ ዋና ሂሳብ ያለ ባንክ ካዝና ነው፤ ገንዘብ ያስገባል እንጂ የትም አይልክም።

መንግሥት ችግሩን አላየም ማለት ግን አይቻልም። በኦገስት 2013 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ለአቃቤ ሕጎቹ ባወጣው ማስታወሻ ስምንት ነገሮችን በቅድሚያ ተከታተሉ አለ፤ ዕፁ ለልጆች እንዳይደርስ፣ ትርፉ ለወንበዴ ቡድን እንዳይሄድ፣ ወዳልፈቀደ ግዛት እንዳይሻገር፣ እነዚህን የመሳሰሉ። በፌብሩዋሪ 14 ቀን 2014 ደግሞ ፊንሰን የተባለው፣ በግምጃ ቤቱ ሥር የፋይናንስ ወንጀልን የሚከታተለው መሥሪያ ቤት፣ ለባንኮች መመሪያ አወጣ። መመሪያው ብልሃተኛ ነው ብል አላጋነንኩም። ባንኩን አትፍራ አይለውም፤ ስለ ደንበኛህ በየጊዜው ሪፖርት አድርግ ነው የሚለው። ገንዘቡ በፌዴራል ዓይን ሁልጊዜም አጠራጣሪ ስለሆነ ባንኩ ስለ እያንዳንዱ የካናቢስ ደንበኛ አጠራጣሪ ግብይት ሪፖርት ያቀርባል። ሪፖርቱ ግን ሦስት ዓይነት ነው። ሱቁ የግዛቱን ሕግ አክብሮ የሚሠራ ከሆነ አጭሩን፣ ከስምንቱ አንዱን የጣሰ ከመሰለ አስቸኳዩን፣ ባንኩ ሂሳቡን ከዘጋ ደግሞ የስንብቱን ይልካል። «ይህ ሰው ወንጀለኛ ነው፤ ግን ጨዋ ወንጀለኛ ነው» ብሎ በየጊዜው መጻፍ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ደንበኛ የተቀበለ ባንክ ውስጥ ሕግ መከበሩን የሚከታተለው የኮምፕላያንስ ክፍል ምን እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንይ፤ ክርክሬ የቆመበት መሬት እዚያ ነው። የክፍሉ ሠራተኛ የሱቁን ፈቃድ ከግዛቱ መዝገብ ጋር ታመሳክራለች፤ ባለቤቶቹ እነማን እንደሆኑ፣ መነሻ ገንዘቡን ከየት እንዳመጡ ትጠይቃለች፤ ሱቁ ድረስ ሄዳ ካዝናውንና ካሜራውን ታያለች። ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል። እንደ ኮሎራዶ ባሉ ግዛቶች እያንዳንዱ ተክል የራሱ ቁጥር ያለው ምልክት ይንጠለጠልበታል፤ ሜትርክ በተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ከችግኝነቱ እስከ ሽያጩ ድረስ ይመዘገባል። ሠራተኛዋ በሥርዓቱ ላይ የተመዘገበውን ሽያጭ በአንድ በኩል፣ ሱቁ ያስገባውን ጥሬ ገንዘብ በሌላ በኩል ታስቀምጣለች። ሽያጩ ከተቀማጩ ከበለጠ የቀረው ገንዘብ የት ሄደ? ተቀማጩ ከሽያጩ ከበለጠ ትርፉ ከየት መጣ? ሁለተኛው ጥያቄ የሌላ ሰው ቆሻሻ ገንዘብ በሱቁ በኩል እየታጠበ መሆኑን የሚጠቁም ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን ያህል የሚመረመር ሬስቶራንት ወይም የመኪና ማጠቢያ አላውቅም። ባንክ ባለበት ቦታ ይህ ንግድ ከሁሉም ንግድ ይልቅ የሚታይ ነው።

ችግሩ ባንክ ያለበት ቦታ ጥቂት መሆኑ ነው። ለፊንሰን ሪፖርት እያቀረቡ እነዚህን ደንበኞች የሚያስተናግዱት ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች ወደ 9 ሺህ ከሚጠጉት ውስጥ ከመቶዎች አልዘለሉም፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ትንንሾች ናቸው። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ማስታወሻ በጃንዋሪ 2018 በወቅቱ ዋና አቃቤ ሕግ በጄፍ ሴሽንስ ሲሻር፣ በእሱ ላይ ተደግፎ የተጻፈው የፊንሰን መመሪያ ሳይሻር ቀረ። ምሰሶው ተነቅሎ ጣሪያው እንደቆመ ቤት ማለት ነው፤ በእንዲህ ያለ ቤት ለማደር የሚደፍር ባንክ ሲገኝ ደግሞ ኪራዩን ያስከፍላል። በወር ከመቶዎች እስከ ሺዎች ዶላር ለሂሳቡ ብቻ የሚጠየቁ ሱቆች አሉ። ጣጣው ዕፁን በማይነኩት ላይም ይተርፋል። ሕንፃውን ያከራየው፣ መብራቱን የዘረጋው፣ ጥበቃ የቀጠረው ሰው ሁሉ የተከፈለው ከዚያው ገንዘብ ስለሆነ ባንኩ እሱንም በጥርጣሬ ያየዋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው።

ባንክ ያጣው ሱቅ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ይኖራል፤ ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ክብደት አለው፣ ሽታም አለው። በዚህ ንግድ መጀመሪያ ዓመታት ሱቆች ወደ ባንክ የሚያስገቡት ገንዘብ ሽታው እንዳያጋልጣቸው ሽቶ ይረጩበት ነበር። ኦሪገን ግብሯን በጥሬው ለመቀበል በዋና ከተማዋ በሴለም በካሜራ የሚጠበቅ፣ የመቁጠሪያ ማሽን የተደረደረበት ልዩ ክፍል አዘጋጀች፤ ካሊፎርኒያም ለካናቢስ ግብር ከፋዮች ጥሬ ገንዘብ በቀጠሮ ትቀበላለች። ከተማ አቋርጦ ገንዘብ በሻንጣ የሚጭን ሰው በመንገዱ ላይ ማን እንደሚያየው አያውቅም። የፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት በበኩሉ የሠራተኞችን ግብር በኤሌክትሮኒክ መንገድ ያላስገባ አሥር በመቶ ይቀጣ ነበር፤ ባንክ እንዳይኖርህ አድርጎ ባንክ ስለሌለህ መቅጣት። አንድ የዴንቨር ሱቅ ተከራክሮ፣ መሥሪያ ቤቱ በ2015 ቅጣቱ የሚነሳበትን መንገድ ከፈተ። ከቅጣቱ የከፋው ግን ዘራፊው ነው። በጁን 2016 በኮሎራዶዋ ኦሮራ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባት ከተማ፣ የአንድ ካናቢስ ሱቅ ወጣት ጥበቃ በዘራፊዎች ተገደለ። በማርች 2022 ደግሞ በዋሽንግተን ግዛት ተደጋጋሚ ዝርፊያ በነበረበት ሰሞን በታኮማ አንድ የሱቅ ሠራተኛ በጥይት ሞተ። ዘራፊው ስለ ሁለቱ ሕግ መጣረስ አይገደውም፤ እሱ የሚያውቀው ከዚያ ግድግዳ በስተጀርባ ባንክ ያልወሰደው ገንዘብ መኖሩን ነው።

እዚህ ላይ ክርክሬን የሚያጠነክርልኝ ከኒው ዮርክ የመጣ አንድ የፍርድ ጉዳይ ነው። በማርች 2021 ሁለት ሰዎች ባንክ ለማጭበርበር በማሴር ጥፋተኛ ተባሉ። የሠሩት ነገር፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በስልክ መተግበሪያ የሚሸጥ ካናቢስ በካርድ እንዲከፈል ማድረግ ነው። ሽያጩ በግዛቱ ሕግ ሕጋዊ ነበር፤ ካርዱን ያወጡት ባንኮች ግን አይፈቅዱም። ስለዚህ የውሸት ኩባንያዎች ተቋቋሙ፤ ባንኮቹ መዝገብ ላይ ያዩት የውሻ ዕቃ፣ የፊት ቅባት፣ አረንጓዴ ሻይና ለስላሳ መጠጥ የሚሸጡ ድረ ገጾችን ነው። ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ በዚህ መንገድ አለፈ። ሰዎቹ አጭበርብረዋል፤ መቀጣታቸውን አልነቅፍም። የማየው ግን ክልከላው የሠራውን ነገር ነው፤ ገንዘቡ ባንክ እንዳይገባ አልከለከለውም፣ በውሻ ዕቃ ስም እንዲገባ አስተማረው እንጂ። ፊንሰን የሚፈልገው መረጃ ሁሉ፣ ማን ከፈለ፣ ለምን ከፈለ፣ ለማን ሄደ የሚለው፣ በዚያች ቅጽበት ጠፋ። መግቢያዬ ላይ ያነሳሁት የ40 ዶላር ኤቲኤምም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው።

ጉዳዩ ከአሜሪካ ድንበርም ያልፋል። ኡራጓይ በ2013 ካናቢስን በአገር ደረጃ ሕጋዊ አድርጋ በጁላይ 2017 በፋርማሲዎች መሸጥ ጀመረች። ሁለት ሕግ የለም፤ ያለው አንድ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ወር ሳይሞላ የአሜሪካ ባንኮች ከኡራጓይ ባንኮች ጋር ያላቸውን ግንኙነት እንደሚያቋርጡ ጠቆሙ፤ የአገሪቱ የመንግሥት ባንክ ሳይቀር የፋርማሲዎቹን ሂሳብ ወደ መዝጋት አዘነበለ። የእኛን አገር ጨምሮ ዶላር በሚያስፈልገው አገር ውስጥ የሚኖር ሰው፣ ከውጭ ተላላኪ ባንክ ጋር መቆራረጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳው አያሻውም። ካናዳ በኦክቶበር 2018 በፌዴራል ደረጃ ስትፈቅድ ግን ትልልቅ ባንኮቿ ገቡበት፤ የአሜሪካ ካናቢስ ኩባንያዎች እንኳ በአገራቸው ዋና ዋና አክሲዮን ገበያዎች ስለማይመዘገቡ ካፒታል ፍለጋ ወደዚያ ይሻገራሉ።

ከሚቀርቡት ተቃውሞዎች የመጀመሪያው ቀላልና የሚከበር ነው፤ ሕግ ሕግ ነው፣ ባንክ የትኛውን እንደሚያከብር መምረጥ አይችልም። እስማማለሁ። ለዚህም ነው መልሱ ከባንክ ሳይሆን ከኮንግረስ መምጣት ያለበት። ኮንግረስ እንዲህ ማድረግ እንደሚችል በ2018 የግብርና ሕግ አሳይቷል፤ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ከ0.3 በመቶ የማይበልጠውን ሔምፕ የተባለውን ተክል ከዕፅ ዝርዝር አወጣው፤ በቀጣዩ ዓመት ተቆጣጣሪዎቹ ደንበኛ ሔምፕ ስላመረተ ብቻ ስለ እሱ ሪፖርት ማቅረብ እንደማያስፈልግ ለባንኮች ነገሩ። ወግ አጥባቂው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ክላረንስ ቶማስም በጁን 2021 ባሰፈሩት አስተያየት፣ ግማሹን ፈቅዶ ግማሹን የሚከለክለው የፌዴራል አካሄድ እርስ በእርሱ የሚጋጭ መሆኑን ጠቅሰው፣ በጥሬ ገንዘብ መሥራት ሱቆቹን ለዘራፊ እንደሚያጋልጥ አንስተዋል። እሳቸው ዕፅን የሚያሞካሹ ሰው አይደሉም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጤና ነው፤ ባንክ የገባ ንግድ ያድጋል፣ ይበደራል፣ ያስተዋውቃል፣ ብዙ ሰው ያጨሳል። ይህ ባዶ ስጋት አይደለም፤ ርካሽ ብድር ያገኘ ንግድ መስፋፋቱ አይቀርም። ነገር ግን የሱቅን ብዛት የሚወስነው የፈቃድ ሕግ፣ ዋጋውን የሚወስነው ታክስ፣ ማስታወቂያውን የሚገድበው የማስታወቂያ ደንብ ነው። እነዚህን ማጥበቅ የሚፈልግ ሰው እነሱኑ ያጥብቅ። ለልጅ የሚሸጥ ወይም ዕቃውን ወደ ሌላ ግዛት የሚያሻግር ሱቅ ከሚያዝባቸው መንገዶች አንዱ በሂሳቡ ላይ ያልተለመደ ነገር መታየቱ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ የሚኖር ሱቅ ሂሳብ የለውም።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። ሴናተር ኮሪ ቡከር በ2021 እንዳነሱት፣ ለዓመታት በዚህ ዕፅ ሰበብ የታሰሩትና መዝገባቸው የተበላሸው በአብዛኛው ጥቁሮችና ድሆች ሆነው ሳለ፣ አስቀድሞ ለባንክና ለትልልቅ ኩባንያዎች መንገድ መክፈት ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ፍትሐዊነቱ አያከራክርም። ሆኖም የባንክ እጦት ማንን እንደሚጎዳ ሲታይ ሚዛኑ ይለወጣል። ትልቁ ኩባንያ የካናዳ አክሲዮን ገበያ አለው፣ ወርሃዊ ሺህ ዶላሩን ይከፍላል፣ የታጠቀ መኪና ይከራያል። ትናንት ታስሮ ዛሬ በልዩ ፈቃድ የመጀመሪያ ሱቁን የከፈተው ሰው ግን ከዘመድ ተበድሮ፣ ጥሬ ገንዘቡን ራሱ ይሸከማል። የቡከር ፍትሕ ሊጠብቀው የሚገባው ሰው እሱ ሆኖ ሳለ፣ የሚጠብቀው ግን ሽጉጥ የያዘ ዘራፊ ነው።

ባንክ ሁሉንም አይፈታም። በ1982 የወጣው የግብር አንቀጽ፣ አንድ የሚኒያፖሊስ ዕፅ ሻጭ ወጪዎቹን በፍርድ ቤት ግብር ከሚጠየቅበት ገቢው ማስቀነስ ስለቻለ የመጣ ነው፤ ካናቢስ ሱቆችንም ከገዙት ዕቃ ዋጋ በስተቀር ኪራይና ደመወዝ እንዳይቀንሱ ይከለክላል። በሜይ 2024 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዕፁን ወደ ሦስተኛው መደብ ለማውረድ ያቀረበው ሐሳብ ይህን የግብር ክልከላ ይነካል፤ በግዛት ፈቃድ የሚሸጠውን ግን በራሱ በፌዴራል ሕጋዊ አያደርገውም፤ ሦስተኛው መደብም ቁጥጥር ያለበት መደብ ነውና።

ባንኮችን የሚመለከተው ረቂቅ ሌላ ነው። የቀድሞው የኮሎራዶ ተወካይ ኤድ ፐርልሙተር ሲገፉት የኖሩት ሴፍ ባንኪንግ የተባለው ረቂቅ፣ በግዛት ፈቃድ ከሚሠራ ሱቅ የመጣ ገንዘብ የወንጀል ገንዘብ እንዳይባል ይደነግጋል። በተወካዮች ምክር ቤት በሴፕቴምበር 2019 በ321 ለ103 አለፈ፤ ከዚያም በኋላ በተለያየ መልክ ተደጋግሞ አልፎ በጠቅላላው ሰባት ጊዜ ሆነ። ሰባቱንም ጊዜ ሴኔቱ ውስጥ ቀረ። ተሻሽሎ በሴፕቴምበር 2023 በሴኔቱ የባንክ ኮሚቴ 14 ለ9 አልፎ ነበር፤ ወደ ሙሉ ሴኔቱ ድምፅ ግን አልደረሰም። ቢጸድቅም የኮምፕላያንስ ሠራተኛዋ ሥራ አይቀንስም፤ ሪፖርቱ ይቀጥላል፣ ምርመራውም ይቀጥላል። የሚቀየረው፣ ያን ሥራ ሠርታ ስታበቃ መሥሪያ ቤቷ በወንጀል ይጠየቃል የሚለው ስጋት ነው።

አንድ የማይቀየር ነገር ግን አለ፤ እሱም የእኛን ሰው በቀጥታ ይነካል። የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በግዛቱ ሕግ በተፈቀደ ካናቢስ ሱቅ መሥራቱ ብቻ ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ጠባይ ሊያሳጣው እንደሚችል ገልጿል። ኦሮራ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያለች ካሸር፣ ዕፁን በአፏ ሳታደርስ፣ ግብሯን እየከፈለች፣ በዚያ ሥራ ምክንያት ዜግነቷን ልትከለከል ትችላለች። ረቂቁ ይህን አይነካም። ቢጸድቅ ሱቁ ሂሳብ ይኖረዋል፣ ደመወዟም በጥሬው ሳይሆን በባንክ በኩል ይገባላታል፤ የዜግነት ማመልከቻዋን ስትሞላ ግን የት እንደሠራች ትጠየቃለች፣ መልሷም ያው ነው።